ያነሰው ዝንጅብሉ አይደለም

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስኳርና የደም ግፊት አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ መውሰድ ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። የግፊቷ መድኃኒት ግን ከጥምቀት በኋላ ተቀይሮ ኢናላፕሪል ሆኗል። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ደረቅ ሳል ይዟት ሌሊት አያስተኛትም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቀረፋና ጥቁር አዝሙድ አብሬ አፍልቼ፣ ሎሚና በየብርጭቆው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሬ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ አጠጣታለሁ። ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። መጠኑ አንሶ ይሆን? አብሽም ልጨምርበት አስቤያለሁ። ትክክለኛው አዘገጃጀት እንዴት ነው? ከመድኃኒቶቿስ ጋር ይስማማል?»

መልስ፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት መልሱን አንቺው ራስሽ ጽፈሽው ስላገኘሁት ነው። የግፊቱ መድኃኒት «ከጥምቀት በኋላ» ተቀየረ፤ ሳሉ «ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ» ያዛቸው። በመካከሉ ያለው ጥቂት ሳምንት ነው። ኢናላፕሪል የሚያስከትለው ሳልም ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ መጠጡ ከመናገሬ በፊት ስለ ሳሉ እንድናገር ፍቀጅልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢናላፕሪል ግፊትን የሚቀንሰው የደም ሥሮችን የሚያጠብ ንጥረ ነገር የሚያመርተውን አንድ ኢንዛይም በማገድ ነው። ይኸው ኢንዛይም ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰባብሮ ያስወግዳል። ኢንዛይሙ ሲታገድ ብራዲካይኒን ይጠራቀማል፤ በአየር ቧንቧ ላይ ያሉትን ነርቮች ይነካካል፤ ሰውየውም ያስላል። አክታ የሌለው፣ ትኩሳት የሌለው፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር፣ ብዙ ጊዜ ጋደም ሲሉ የሚብስ ደረቅ ሳል ነው። መድኃኒቱን ከሚወስዱ 100 ሰዎች መካከል ከ5 እስከ 20 የሚሆኑትን ይይዛል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የእናትሽ ሳል ይህ ከሆነ ዝንጅብል አያቆመውም። እጥፍ ብታደርጊውም አያቆመውም፤ መነሻው በየቀኑ እንደ አዲስ ይዋጣልና።

በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። አንድ አባት መቼም አይረሱኝም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ፔርሙስ በፌስታል አንጠልጥለው መጡና «ልጄ፣ እስቲ ደህና የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» አሉኝ። ፔርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ክዳኑን ከፍተው እንዳሸትተው ሰጡኝ፤ የዝንጅብሉና የነጭ ሽንኩርቱ ጥንካሬ ዓይን ያስለቅሳል። ባለቤታቸው ሳሉ በበረታ ቁጥር ዝንጅብሉን እየጨመሩ ግማሽ ዓመት አስቆጥረዋል። የሚወስዱትን ክኒን እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው ከኪሳቸው ያወጡት ኢናላፕሪል ነበር። ሽሮፕ አልሸጥኩላቸውም። በቁራጭ ወረቀት ላይ ለሐኪማቸው ጻፍኩላቸው፤ መድኃኒቱ ተቀየረ። ከአንድ ወር በኋላ ሲመለሱ ፔርሙሱን አልያዙም። እኔን የቆጨኝ ያ ሁሉ ወር ነው። የባለቤታቸው ፍቅርና ድካም እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን መጠጡ ተስፋ እየሰጠ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበትን ቀን ሲያራዝመው ከረመ።

አንቺም እንደዚያው እንዳትዘገዪ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ሁለት ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ኢናላፕሪሉን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቋርጡ። ግፊት ሳይታወቅ ሽቅብ ሲወጣ የሚያደርሰው ጉዳት ከሳል ጋር አይነጻጸርም። ያዘዘላቸው ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «መድኃኒቱ ከተቀየረ ወዲህ ሳል ጀመራቸው» በሉ፤ ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ሐኪሙ ካመነበት ሎሳርታንን በመሰለ፣ ግፊትን እየቀነሰ ብራዲካይኒንን በማያጠራቅም መድኃኒት ይተካዋል። ከዚያ በኋላ ሳሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ አንዳንዱን ሰው ግን እስከ ሦስት ወር ሊያቆየው ይችላል።

ሁለተኛ፣ እኔ የገመትኩት ትክክል ነው ብለሽ ሌላውን ምርመራ እንዳትተዪ። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ምርመራ ይገባዋል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ለነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ምርመራው ይደረግላቸው። እግራቸው የሚያብጥ፣ ትራስ ካልደራረቡ መተንፈስ የሚቸግራቸው ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ልብም እንዲህ ያስላልና። ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው ወይም ፊታቸው በድንገት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አልፎ አልፎ የሚከሰት የዚሁ መድኃኒት ጉዳት ነው፤ ትንፋሽ ይዘጋል።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ።

ዝንጅብልና ጦስኝ ከቤቴ ጠፍተው አያውቁም። ነገር ግን «ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ያኛው ኬሚካል ነው» የሚለውን አከፋፈል በመስኮቴ ላይ በየቀኑ ስለምሰማው አንድ ነገር ልበልበት። እናትሽ የሚውጡት ሜትፎርሚን የዘር ሐረጉ ከአንድ ቅጠል ይመዘዛል፤ በአውሮፓ ለዘመናት የባህል መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል ከነበረ፣ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ከሆነ ተክል። አንቺ ልትጨምሪው ያሰብሽው አብሽም የዚሁ ወገን ነው። ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመምተኞች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የኢናላፕሪል ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ደግሞ የተገኙት በብራዚል ያለ አንድ እባብ መርዝ ላይ በተደረገ ምርምር መነሻነት ነው። ስለዚህ በብርጭቆው ውስጥ ያለውና በክኒኑ ውስጥ ያለው ባዕዳን አይደሉም። ቅጠሉና ቅመሙ ጉልበት አለው ብለን ካመንን፣ ያ ጉልበት ከክኒኑ ጉልበት ጋር ተደርቦ ሊያይል ወይም ሊጋጭ እንደሚችልም ማመን አለብን።

በጣም ያሳሰበኝ ማሩ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 17 ግራሙ ስኳር ነው። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ማንኪያ፣ በቀን ሁለት ብርጭቆ፤ አራት ማንኪያ ይሆናል። 68 ግራም ስኳር ማለት ነው። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውን ያህል ነው። እናትሽ ለስላሳ መጠጥ እንዲጠጡ አንቺ እንደማትፈቅጅ አውቃለሁ። ማር ግን ንጹሕ ስለሆነ፣ ከገዳምም ከገበሬ ቀፎም ስለሚመጣ፣ «ማር እኮ ስኳር አይደለም» እንላለን። ሰውነት ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ማርም በደም ውስጥ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ላለፉት ሦስት ወራት የስኳር ልኬታቸው ሽቅብ ካለ፣ መድኃኒቱ «አልሠራ ብሎ» ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ስለ ማሩ ካልተነገረው መድኃኒት ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በጨመረ ማግስት አንቺ ማሩን ብትተዪ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ይህ በሰው ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።

ማር ለሳል ይረዳል የሚባለው መሠረት የሌለው አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከመኝታ በፊት የተሰጠ ማር የሌሊት ሳልን ቀንሷል። ግን ያ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የጉንፋን ሳል ነው፤ የተሰጠውም በማንኪያ ነው። ለእናትሽ ሐኪሙን እስክታዩ ድረስ ማሩን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ በቀን አንድ ጊዜ አውርጂው፤ ብትተዪው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ስትቀንሺ ግን የስኳር መለኪያውን አጠገብሽ አድርጊ።

አብሹን አሁን አትጨምሪ። አብሽ ስኳርን የሚቀንስ እውነተኛ ጉልበት አለው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው። የተበላ ቢኖርም ባይኖርም ያስገድዳል። በዚያ ላይ አብሽ፣ በዚያ ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀረፋም ጥቂት ሲያግዘው፣ ማሩም ከተቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ አደጋው ይበረታል፤ የሚጾሙበትን ሰዓትና መድኃኒቱን የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልባቸው ከመታ፣ ንግግራቸው ከተደነጋገረ ወይም ያለ ወትሯቸው ከተቆጡ ስኳር ወርዶባቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በውኃ በጥብጠሽ ስጫቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፋቸው እንዳታደርጊ፤ ወደ ሐኪም ቤት አድርሻቸው።

ሐኪሙ አውቆትና ልኬቱ እየታየ አብሽ መጠጣት ከቻሉ አዘገጃጀቱ አንቺም የምታውቂው ነው፤ ዱቄቱን በብዙ ውኃ አሳድረሽ፣ ላዩ ላይ የጠለለውን መራራ ውኃ ደፍተሽ፣ የቀረውን ነጭ ሆኖ አረፋ እስኪያወጣ መምታት ነው። ያ የሚያዳልጠው ሙልጭልጭ ነገር ምግብ በአንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲመጠጥ ያደርጋል፤ ክኒንንም እንዲሁ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ አብሽና መድኃኒት በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ለተልባም ይኸው ነው።

የቀሩትን በየስማቸው ላንሳ። ቀረፋ ሁለት ዓይነት ነው። ገበያችን ላይ የሚበዛው ወፍራምና ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀለለው ነው፤ ሌላው የሲሎን ቀረፋ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ድርብርብ ሆኖ የተጠቀለለና በጣት የሚፈረፈር ነው። ወፍራሙ ኩማሪን የሚባል ጉበትን ሊጎዳ የሚችል ንጥረ ነገር አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለዕድሜ ልክ ደኅና ነው ያለው ልክ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 0.1 ሚሊ ግራም ነው፤ የዚህ ቀረፋ ዱቄት በየቀኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢወሰድ ያንን ልክ ሊያልፍ ይችላል። ዱቄቱን ተዪው፤ የግማሽ ጣት ቁራጭ ቀቅለሽ አውጪው።

እርድ የነካው ነጠላ ሳሙና ሲያገኘው ወደ ቀይ ሲለወጥ አይተሽ ይሆናል፤ ከርኩሚን የሚባለው ቀለሙ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያወድሰውም እሱኑ ነው። ከርኩሚን በውኃ እንደልብ አይሟሟም። ከብርጭቆው ሥር የሚቀረውን ቢጫ ዝቃጭ ተመልከቺው፤ እሱ ነው። የሚሟሟው በቅባት ነው። ስለዚህ እናቶቻችን እርድን ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር አቁላልተው አልጫ ወጥ ሲሠሩ ከእኛ መጠጥ የተሻለውን መንገድ ይዘው ነበር። ለእናትሽ እርዱን ከመጠጡ አውጥተሽ ወደ አልጫው መልሺው። ቁንዶ በርበሬ ከርኩሚን ወደ ደም እንዲገባ በጣም ያግዘዋል፤ ያንኑ ለአንዳንድ መድኃኒቶችም ያደርጋል፤ ስለዚህ በወጥ ልክ ይሁን። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ተጨምቆ የታሸገበት እንክብል ግን ሌላ ነገር ነው። ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ስላሉ አልመክረውም። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም ከእርድ መጠጥ ይራቅ።

ነጭ ሽንኩርትን ስታፈይው ዋናውን ነገር እያጠፋሽው ነው። አሊሲን የሚባለው ኃይለኛው ንጥረ ነገር በሙሉው ፍንካች ውስጥ የለም። የሚፈጠረው ሲወቀጥ ነው፤ እሱን የሚፈጥረውን ኢንዛይም ደግሞ እሳት ይገድለዋል። አንድ ፍንካች ወቅጠሽ አሥር ደቂቃ አቆዪውና ከምግባቸው ጋር ይብሉት። ነጭ ሽንኩርት ደም እንዳይረጋ በመጠኑ ስለሚያደርግ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይናገር፤ ቀዶ ሕክምና ያለበትም ቀደም ብሎ ያቁም።

ስለ ማታው ብርጭቆ አንድ ነገር ልጨምር። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኃይለኛ ዝንጅብል ከመኝታ በፊት ሲጠጣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል፤ ወደ ጉሮሮ የተመለሰ አሲድ ራሱ ሌሊት ያስላል። እናትሽ የሚያቃጥል ነገር ወደ ደረታቸው የሚመጣባቸው ከሆነ መጠጡ ሳሉን እያባሰው ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው ይጠጡ፤ ሎሚውን ለጠዋት አድርጊው። ጠዋትም ሎሚ ከጠጡ በኋላ አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርሳቸውን ለመፋቅ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ አሲድ ያለሰለሰው ጥርስ ቶሎ ይፋቃልና።

እንግዲህ እኔ ብሆን ለእናትሽ የማዘጋጀውን ልንገርሽ። ለሦስት ብርጭቆ ውኃ የአውራ ጣት የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል ይበቃል። መላጥ የለበትም፤ አፈሩ እስኪለቅ በብሩሽ ማጠብ ግን ግድ ነው። በሙቀጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ምታ ምታ አድርጊው፤ አይድቀቅ፤ ከደቀቀ ውኃው ይደፈርሳል፤ ይመርራልም። ደረቅ ዝንጅብል ብቻ ካለሽ መጠኑን ከግማሽ በታች አድርጊው፤ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ይለወጥና ከእርጥቡ በላይ ያቃጥላል። በቀዝቃዛ ውኃ ጣጅው። ግማሽ ጣት ቀረፋና ሁለት ቅርንፉድ ጨምሪ፤ አንዲት ኮረሪማ ፈልፍለሽ ፍሬዋን ጣል አድርጊበት። ክዳኑን ግጠሚና ከፈላ በኋላ በቀስታ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ሥር፣ ቅርፊትና ፍሬ ጠንካራ ስለሆነ መቀቀል ይፈልጋል።

ቅጠል ግን አይቀቀልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ያለሽው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከመንዝ በኩል የሚመጣው ጦስኝ እጅሽ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ተክል የእኛው የደጋ ጸጋ ነው፤ ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ ይበቅላል፤ በሌላ አገር የለም። መዓዛው የሚመጣው ታይሞልን ከመሳሰሉ በቀላሉ ከሚተኑ ዘይቶች ነው። ስትገዢ በመዳፍሽ መካከል እሺው፤ ሽታው ወዲያው አፍንጫሽን ካልሞላው አሮጌ ነው። እሳቱን አጥፊ፤ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጦስኝ ጨምሪ፤ ክዳኑን መልሰሽ ግጠሚና ሰባት ደቂቃ ተዪው። ሲፈላ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ደስ ይለናል፤ ቤቱን የሞላው ግን ከብርጭቆው የጎደለው ነው። ክዳኑን ስታነሺ ከውስጥ በኩል የተንጠለጠሉትን ጠብታዎች ታያለሽ። አንዱን በጣትሽ ቅመሺው፤ የጦስኝ ጣዕም ይሰማሻል፤ ጦስኙ እዚያ ነው ያለው። ክዳኑን ዘንበል አድርገሽ ጠብታዎቹን ወደ ማሰሮው መልሻቸው፤ ከዚያ አጥልዪው።

ሎሚ ከጨመርሽ ብርጭቆው ውስጥ፣ መጠጡ ለብ ሲል ይሁን። በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ሎሚ አታፍዪ፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል። ኮረሪማውና ቀረፋው በራሳቸው የጣፋጭ ነገር መዓዛ ስላላቸው ከሳምንት በኋላ እናትሽ ማሩን ላይፈልጉት ይችላሉ፤ በብዙ ሰው ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ። ጉሮሯቸውን ያሞቃል፤ ሆዳቸውን ያረጋጋል፤ ውኃም እንዲጠጡ ያደርጋቸዋል። ጦስኝ ግፊት ያወርዳል ይባላል። በሻይ መልክ የሚጠጣው የግፊት መድኃኒትን ይተካል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። ከርከዴ በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ በግፊት መድኃኒት ላይ ሲደረብ ግን ማዞር ሊያመጣ ይችላል።

የዕለቱን በዕለቱ አፍዪ። ከተረፈ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቢው፤ በማግስቱ ካልተጠጣ ይደፋ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ወይም በማር ዘፍዝፎ በጠርሙስ ለወራት ከማቀዝቀዣ ውጪ ማስቀመጥ አሁን የተለመደ ነገር ሆኗል፤ እባክሽ እንዳትሞክሪው። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በዘይት ተዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጪ የቆየ ነጭ ሽንኩርት ብዙ ሰዎችን ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም በሚያመጣ፣ ነርቭን ሽባ በሚያደርግ መርዝ መርዟል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። ቅመም ስትገዢም የተፈጨውን ትተሽ ያልተፈጨውን ግዢ፤ ነጭም አረንጓዴም ሻጋታ ያለበትን ዝንጅብል ቆርጠሽ ለማዳን አትሞክሪ፤ ጣዪው። ለእርድ በተለይ እጠነቀቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በባንግላዴሽ እርድን ደማቅ ቢጫ ለማስመሰል እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ቀለም ይጨመርበት እንደነበር አሳይቷል። ቀለሙ በደረቀው ሥር ላይም ይደረግ ስለነበር ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ብቻውን ከዚህ ዓይነቱ ነገር አያድንም።

ከዚያው ማሰሮ ሌላ ሰው የሚጠጣ ካለ ደግሞ ይህን እወቂ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ፣ ለመቅመስ ያህልም ቢሆን አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ካለች ዝንጅብል በመጠኑ ለማቅለሽለሽ ይረዳታል፤ ጤና አዳምና ፌጦ ግን አይሁንባት፤ ጥቁር አዝሙድና አብሽም ምግብ ውስጥ ከሚገባው መጠን አይለፍባት። ጤና አዳም ስትቆርጪም እጅሽን ታጠቢ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ውኃ ይቋጥራል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አንድ ወረቀት ያዢ። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ ኢናላፕሪሉ የተጀመረበትን ቀን፣ ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጻፊ። ከሥሩ ብርጭቆው ውስጥ የምትጨምሪውን ሁሉ ከነመጠኑ፣ ማሩን ጨምሮ ጻፊ። ሐኪሙ ላይጠይቅሽ ይችላል፤ አንቺ ግን ንገሪው። ያለፈውን ሳምንት የጠዋት የስኳር ልኬትም ብታክዪበት መልካም ነው። መለኪያ ቤት ውስጥ ከሌለ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይለካላችኋል። ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ሳሉ ሦስት ወር ሊሞላው ስለሆነ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ነቀርሳው ተመርምሮ ነጻ ከሆኑ፣ መድኃኒቱም ተቀይሮ ከአራት ሳምንት በኋላ ሳሉ ያልቀነሰ ከሆነ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ ስለ ጨጓራውና ስለ ሳንባው አብረን እናያለን።